ቀንበጧ ከአጥር አይወጣም

ታችኛው ቤት፣ ሜይ ኮረብታ ሥር
ጁን 12 ቀን 1968

ወንድሜ አምብሮዝ፣

ጤናህን ሳልጠይቅ ወደ ነገሩ ብገባ እናታችን ከመቃብሯ ተነስታ በማማሰያ እጄን ትመታኛለችና፣ እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ? የዚያ አገር ብርድ ለቀቀህ? እኛ ደህና ነን። ዊልፍም ደህና ነው፤ እንደ ልማዱ ከእኔ ከሚስቱ ይልቅ ከበጎቹ ጋር ይጫወታል።

በየዓመቱ ሜይ ሲገባ የምትጠይቀኝን ዘንድሮም ጠየቅከኝ፤ «ቄስ አስተኛ አበበች ወይ?» ብለህ። ሁለት ደብዳቤህን ሳልመልስ የቆየሁት በዚህ ምክንያት ነው፤ ይቅር በለኝ። ሰላሳ አምስት ዓመት ሙሉ «አብባለች» እያልኩ ስጽፍልህ ኖሬ ዘንድሮ ምን ብዬ ልጻፍ?

ወድቃለች፣ አምብሮዝ። በማርች የነፈሰው ነፋስ ጣላት። ሦስት መቶ ዓመት የቆመችን ዛፍ በአንድ ጥዋት ጣላት። እኔ ለአንዲት ትንሽ ጉዳይ ግሎስተር ከተማ ሄጄ ሦስት ሳምንት ተቀምጬ ነበር። ስመለስ ቦታዋ ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ። ዊልፍ መጋዙን አንስቶ፣ ግንዷን ከመሬት እኩል አድርጎ፣ ቅርንጫፏን ሁሉ አንድዶ፣ አመዱን ሳይቀር ጠርጎ ነበር።

«ዊልፍ፣ አንዲት ቀንበጥ እንኳ አላስቀረህም?» አልኩት።

«ምን ይሠራልሻል? አንቺ መጥተሽ ወድቃ ስታያት ልብሽ እንዳይሰበር ብዬ ነው እንጂ!»

ምን ልበለው? ከወንዙ ማዶ የመጣ ሰው ነው፤ ስለ በግ ጠይቀው። አንዲት ቀንበጥ ብትተርፍ ኖሮ የሌላ ፒር ዛፍ ግንድ ሰንጥቄ፣ ሰክቼና አስሬ እዚያ ላይ ቀጥዬ ዛፏን እመልሳት እንደነበር አልገባውም። ያዘነልኝ መስሎት ነው ያቃጠላት። ማታ ማታ እጁን እያየ ሲቀመጥ ደግሞ እኔው አዝንለታለሁ።

አባባ «ቀንበጧ ከአጥር አይወጣም» እያለ ለጎረቤት አንዲት ቀንበጥ ሳይሰጥ ሞተ። በጦርነቱ ጊዜ ከእሷ የተቀጠሉትን ሌሎቹን ሁለቱን ነቅለን ስንዴ ዘራንበት። ስለዚህ በዚህ ምድር ላይ ቄስ አስተኛ የምትባለው ፒር ያቺ አንዷ ብቻ ነበረች፤ ከፍሬዋ የሚጨመቀው ጠጅም ያው የእሷው ብቻ ነበር።

ነገር ግን ቶሎ አታልቅስ። ከጉቶዋ ሥር አምስት ቀንበጥ ወጥቷል! እናታችን ምን ትል ነበር? «ይቺ ዛፍ እንደ ሌሎቹ በሰው ግንድ ላይ የተቀጠለች አይደለችም፤ የቅድመ አያታችሁ ቅድመ አያት ከተፋችው ፍሬ በራሷ ሥር የበቀለች ናት» አይደል? በራሷ ሥር ከሆነች ከሥሯ የወጣውም እሷው ራሷ ናት። በጎቹ እንዳይበሉብኝ በሽቦ አጥሬዋለሁ። ጉልበት እስካለኝ ድረስ ቄስ አስተኛ አትሞትም፤ ይሄን ጻፍ።

እህትህ ሂልዳ


ሳስካችዋን፣ ካናዳ
ጁላይ 2 ቀን 1968

እህት ዓለም፣

ደብዳቤሽ ባቡር ጣቢያው ደርሶ ሦስት ቀን ከቆየ በኋላ ነው ያገኘሁት። ጉልበቴ ያው ነው። የምሠራበት እህል ጎተራ ላይ ደረጃ መውጣት ትቼ ታች ሚዛኑ ዘንድ ተቀምጬ እመዝናለሁ። እዚህ ኮረብታ የለም፣ ፒር የለም፣ ሰማይ ብቻ ነው። ስለ ዛፏ ሳነብ ደብዳቤውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና እስከ ማታ አላወጣሁትም።

ዊልፍን አትቆጪው።

ሁለት ነገር እንድትነግሪኝ እፈልጋለሁ። ከመሬት እኩል ስትዪ በእውነት እኩል ነው ወይስ አንድ ስንዝር ተርፏል? ከአዲሶቹ ቀንበጦችስ አንድ ሁለት ቅጠል በደብዳቤ ውስጥ አድርገሽ ላኪልኝ። ስትቆርጪ የሚወጋ ነገር ካለም ንገሪኝ። ለምን እንደሆነ አሁን አትጠይቂኝ።

ግሎስተር ሦስት ሳምንት የምታስቀምጥ ትንሽ ጉዳይ ምንድን ናት?

አምብሮዝ


ታችኛው ቤት
ጁላይ 24 ቀን 1968

ወንድሜ፣

አቤት ያንተ ነገር! ሰው ስለ ልደት ጽፎልህ አንተ ስለ ሽንት ጨርቁ ትጠይቃለህ። ይኸው ሦስት ቅጠል፣ በሻይ ወረቀት ጠቅልዬ። ፖስተኛው ሲቀበለኝ «ሂልዳ፣ ካናዳ ቅጠል የለም እንዴ?» አለኝ።

ጉቶዋን ዊልፍ የቆረጣት እንደ ወለል ነው። በሠራው ሥራ ደግሞ ይኮራ ነበር፣ ምስኪን። አዎ፣ ይወጋል፤ አውራ ጣቴን እስኪደማ ወግቶኛል። ታዲያ ገና ሕፃን አይደለች? ሕፃን ይነክሳል።

ግሎስተር የሄድኩት ለጥርሴ ነው። አለቀ።

አንዱ ቀንበጥ አሁን እስከ ጉልበቴ ደርሷል። በየጥዋቱ አንድ ባልዲ ውሃ ይዤ እሄዳለሁ። ዊልፍ «አታጎንብሺ፣ እኔ ልውሰደው» ይለኛል፤ እኔ ግን አሁን ለማንም አልሰጥም።

ሂልዳ


ሳስካችዋን
ኦገስት 11 ቀን 1968

እህት ዓለም፣

ይቅርታ ብዬ ልጀምር፣ ምክንያቱም ከዚህ በታች ያለው ደስ አይልሽም። ቅጠሎቹ ደርቀው ቢመጡም ይታያሉ። የቄስ አስተኛ ቅጠል ረዘም ያለ፣ ሆዱ ላይ ጥጥ የመሰለ ጸጉር ያለው ነው። አንቺ የላክሽልኝ ክብ ነው፣ ሆዱም ልሙጥ ነው። እሾህም ሕፃን ስለሆነ አይደለም። የጫካ ፒር ነው፣ ሂልዳ። ውሃ ስታጠጪ የከረምሽው እሷ ከላይ የተቀጠለችበትን ተሸካሚ ግንድ ነው።

እናታችን አልዋሸችም፤ አታውቅም ነበር። አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ አባባ ግርጌዋን ያለውን አፈር በእጁ ጠርጎ አሳየኝ። ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ወገቧን የዞረ ወፍራም ጠባሳ ነበር። «ይሄ የተቀጠለችበት ነው» አለኝ። «ከዚህ በታች ያለው ማንም ያልጠየቀው የጫካ ፒር ነው። የመንደሩ ሰው ግን በራሷ ሥር ናት ቢል ይሻለናል፤ ሌላ የትም የለችም ብለው እንዲያምኑ።» አፈሩን መልሶ ሞላው፤ እኔንም አስማለኝ። ዊልፍ ከዚያ ጠባሳ በታች ነው የቆረጣት።

ይሄን በጁላይ ልነግርሽ እችል ነበር። ቅጠሉን የጠየቅኩት ምናልባት የተሳሳትኩ እንደሆነ ብዬ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ዛሬ ግን አልችልም።

አምብሮዝ


ታችኛው ቤት
ሴፕቴምበር 3 ቀን 1968

አምብሮዝ፣

ሰላምታ የለም። ሰላምታውን በሚቀጥለው እደርብልሃለሁ።

ደብዳቤህን ያነበብኩት እዚያው ጉቶዋ ላይ ተቀምጬ ነው። ባልዲው በእግሬ ሥር ነበር። ሦስት ወር! ሦስት ወር ሙሉ ለእንጀራ ልጅ ጡት ስሰጥ ከርሜያለሁ። ተነስቼ ውሃውን ጎመኑ ላይ ደፋሁት። አልቅሼም ነበር፤ ይሄን አልደብቅህም።

ከዚያ በነጋታው ጫማዬን አጠለቅኩ። አባባ አልሰጠም እንጂ የእሱ አባት፣ ወይም የአባቱ አባት ለአንድ ሰው ሳይሰጥ አይቀርም ብዬ ነው። ሰው ሲሰክር ይሰጣል፤ ያውም ቄስን በቅዳሴ ሰዓት ባስተኛ ጠጅ ሰክሮ! ኮረብታውን የሚያዩትን ገበሬዎች ሁሉ በር አንኳኩቻለሁ፤ ሰላሳ አንድ ቤት። ኮረብታውን ያላየች ፒር ጠጅ አትሆንም ሲሉ ሰምተህ የለ፣ እኔም ከዚያ አላለፍኩም። ፍሬው አሁን ዛፍ ላይ ስለሆነ ባየው አውቀዋለሁ፤ ትንሽ፣ ዝገት የለበሰ፣ አንድ ጉንጩ ብቻ ቀይ፣ እግሩ ረጅም።

አንዱ ዛፍ «አማት አስለቃሽ» ይባላል፣ አንዱ «ራስ ምታት»፣ አንዱ «ሰካራም በግ»። ሁሉንም ነከስኩ። ምላሴ እንደ ጫማ ቆዳ ደርቋል። ዲሞክ መንገድ ላይ ያለው ሽማግሌው ኢኖክ፣ ታስታውሰዋለህ፣ አዘነልኝና፣

«የኔን ውሰጂ እንግዲህ፤ ፒር ፒር ነው» አለኝ።

«ኢኖክ፣ ሚስትህ ስትሞት ‹ሚስት ሚስት ናት› ብለህ ነው ሌላዋን ያገባኸው?»

«አዎ» አለኝ፣ ዓይኑን ሳያርገበግብ።

ሰላሳ አንድ ቤት፣ አምብሮዝ፣ አንድም የለም። ግን አላቆምም። ፍሬው እስኪረግፍ ስድስት ሳምንት አለኝ። በየመንገዱ ድንጋይ ላይ ዐረፍ ማለት አብዝቻለሁ፤ መቼም አርጅቻለሁ። አንተ ደግሞ «ሌላም ነገር አለ» ብለህ ሰው እንዴት ታንጠለጥላለህ? ዛፏን የሚመለከት ከሆነ አፈር ስሆን ንገረኝ። የማይመለከት ከሆነ ሆድ ይፍጀው።

ሂልዳ


ሳስካችዋን
ሴፕቴምበር 20 ቀን 1968

እህት ዓለም ሂልዳ፣

ሰላሳ አንድ ቤት አንኳኳሁ ብለሻል። ያላንኳኳሽው ሰላሳ ሁለተኛው የዶርካስ ቤት እንደሆነ ሳትነግሪኝ አውቃለሁ። ከእኛ ቤት ሰው ወደ ላይኛው ቤት ከሄደ ስንት ዘመኑ ነው! አባቷ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ በሰው ሁሉ ፊት ባርኔጣውን አውልቆ አባባን አንዲት ቀንበጥ የለመነ ዕለት፣ አባባ «ለአጥርህ ማሰሪያ ነው የፈለግከው?» ብሎ ያሳቀበት ዕለት፣ እኔ ከኋላ ቆሜ የዶርካስን ፊት አይቻለሁ። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር።

ሰው ለሚወዳት አበባ ይሰጣል። እኔ በማርች 1933 ሦስት ቀንበጥ ሰርቄ ሰጠኋት። አሳማ ቤታቸው ጀርባ አጥሩ ላይ በበቀለ የጫካ ፒር ላይ፣ እሷ ማሰሪያ ልጡን ይዛልኝ፣ እኔ ማሸጊያ ሰሙን እያቀለጥኩ ቀጠልነው። ሦስቱም ያዙ። በሜይ ቅጠል ሲያወጡ አየናቸው።

አባባ ቁርጡን አየ። የቢላዬን አቆራረጥ ያውቀው ነበር፣ እሱ ነዋ ያስተማረኝ። «ለማን እንደሰጠህ ንገረኝና ሄጄ ልቁረጠው፤ አለዚያ ከቤቴ ውጣ» አለኝ። ብቀር በየቀኑ ያወጣጣኝ ነበር። ለዶርካስ ብነግራት ለአባቷ ትነግራለች፣ አባቷ በደስታ መንደሩን ይሞላዋል፣ አባባም መጥረቢያውን ያነሳል። ስለዚህ ለእሷም ሳልነግር፣ ለአንቺም ሳልነግር ሄድኩ። እናንተ ለሥራ ነው የሄደው አላችሁ። እሷ ምን እንዳለች አላውቅም።

አባባ ከሞተ በኋላስ ለምን ዝም አልክ ትዪኛለሽ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ውሸት ነው፤ ይነቅዛል።

አሳማ ቤቱ ጀርባ እዪ። በንዴት ካልቆረጠችው እዚያ አለ።

አምብሮዝ


ታችኛው ቤት
ኦክቶበር 13 ቀን 1968

አምብሮዝዬ፣

ሰላምታህን ይኸው፣ ያለፈውንም ደርቤ፦ እንደምን ነህ፣ እንደምን ነህ።

ደብዳቤህን አንብቤ ሁለት ቀን ከራሴ ጋር ተጣላሁ። ለምን ለእኔ እንኳ አልነገረኝም ብዬ አበድኩብህ። በሦስተኛው ቀን የስብ ኬክ ጋግሬ፣ በፎጣ አስሬ፣ ዳገቱን ወጣሁ። በመሐል ትንሽ ዐረፍኩ። ዶርካስ በር ላይ የጎማ ቦት አድርጋ ቆማ ከሩቅ እያየችኝ ነበር። ጸጉሯ ነጭ ሆኗል፤ ምላሷ ግን ያው ነው።

«በዚህ በር ካለፍሽ ሰላሳ አምስት ዓመት ሆነሽ። ማን ሞተ?»

«ዛፏ።»

«እሱንማ ሰምቻለሁ። ጭሱ እዚህ ድረስ መጥቷል። ከመቼ ወዲህ ነው ዳገት የሚያደክምሽ?»

«ኬኩ ከብዶኝ ነው» አልኳት።

ይዛኝ ወደ ጀርባ ሄደች። ኧረ አምብሮዝ! አሳማ ቤቱ ፈርሷል፤ እሷ ግን ከጣሪያ በላይ ወጥታ፣ ተንሰራፍታ፣ ፍሬዋን ዘርግፋ ቆማለች። አንዱን አንስቼ አገላበጥኩት። ዝገቱ፣ ቀይ ጉንጩ፣ ረጅም እግሩ። ነከስኩት። አፌን እንደ ቡጢ ጨመደደኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የተፋሁት ነገር የለም።

ሰው ሁሉ ያውቃታል ለካ! ለሰላሳ ዓመት ዶርካስ ለሠርግና ለቀብር የምታወጣው ያ የታወቀ ጠጅ ከእሷ የሚጨመቅ ነው። እኔ ብቻ ከዚያ ቤት የወጣ አልጠጣም ብዬ ሳልቀምስ ኖሬአለሁ። የአባባ ልጅ አይደለሁ? አንድ ብርጭቆ ቀዳችልኝ። ቀመስኩ፤ የእኛ ጓዳ ነበር፣ እናታችን ነበረች። ብርጭቆውን አስቀምጬ ፊቴን በፎጣው ሸፈንኩ።

«ምን ብላችሁ ነው የምትጠሯት?» አልኳት ሲሻለኝ።

«ጥሎ ሂያጅ።»

«ምን?»

«ጥሎ ሂያጅ ነው ስሟ። የሰጠኝ ሰው መሄዱን እንኳ አልነገረኝም። እኔ ምን ብዬ ልጥራት?»

ያኔ የጻፍክልኝን ሁሉ ነገርኳት፤ ያንተን ቢላ፣ የአባባን መጥረቢያ፣ ለምን እንደሄድክ። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ቦቷን በዱላ ትጠርግ ጀመር።

«ደህና ታሪክ ነው» አለች። «ግን ከአንቺ አልፈልገውም። አንቺ አልሄድሽብኝማ። ጥሎኝ የሄደው ራሱ ይጻፍልኝ። በእጁ። ያኔ ቢላሽን ይዘሽ ነይ፤ የፈለግሽውን ያህል ትቆርጫለሽ። ባሌ ደግ ሰው ነበር፣ አራት ልጅ አሳድጎልኝ ነው የሞተ፤ ወንድምሽን ፈልጌ እንዳይመስልሽ። ዕዳ ስላለበት ነው።»

ለመንኳት። በንዴትም ተናገርኩ። ምንም። ኬኩን ግን ተቀበለችኝ።

ስማ እንግዲህ። ቀንበጥ የሚቆረጠው ዛፉ ሲተኛ፣ በጃንዋሪ ነው። ከዚያ አሸዋ ውስጥ ቀብሬ አቆይቼ በማርች መጨረሻ እቀጥላለሁ። ደብዳቤህ ከዚያ በፊት መድረስ አለበት። «በሚቀጥለው ዓመት» አትበለኝ። የሚቀጥለው ዓመት ለእኔ አይመችም፤ ሥራ አለብኝ። የአባባ አጥር ቄስ አስተኛን ሊገድላት ነበር፣ ያንተ ስርቆት አተረፋት። አሁን በዝምታህ መልሰህ እንዳትገድላት። ጻፍ!

ሂልዳ


ሳስካችዋን
ዲሴምበር 8 ቀን 1968

እህት ዓለም፣

ኖቬምበር ላይ የላክሽው ባለ ሦስት መስመር ደብዳቤ ደርሶኛል። ስድቡ ተገቢ ነው።

ቆሞ የሰቀሉትን ቁጭ ብሎ ማውረድ ይቸግራል። ለዶርካስ ስድስት ደብዳቤ ጽፌ ስድስቱንም ምድጃ ውስጥ ከተትኩ። አንዱ ስለ አየር ጠባይ ነበር፤ ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ በረዶ! ሰባተኛውን ዛሬ ሳላነበው አሽጌ ለጣቢያው ሠራተኛ ሰጠሁት፤ ከዚያ ልመልሰው ብዬ ሮጥኩ፤ ባቡሩ ሄዷል። በዚህ ጉልበት መሮጤን እወቂልኝ። ያለኝን ሁሉ ጽፌያለሁ። ከዚያ በላይ ከጠየቀችኝ የምጨምረው ነገር የለኝም።

የእጅ ጽሑፍሽ ተቀይሯል። ፊደሎቹ ወደ ታች ይንሸራተታሉ። አንቺ ትምህርት ቤት በመጻፍ ተሸላሚ ነበርሽ። የጥርሱን ነገር አላመንኩሽም። እውነቱን ንገሪኝ፣ እኔ ነግሬሽ የለ?

አምብሮዝ


ታችኛው ቤት
ሜይ 18 ቀን 1969

ወንድሜ አምብሮዝ፣

ጽሑፉ የእኔ አለመሆኑን አይተህ አትደንግጥ። ቀኝ እጄ ትንሽ አልታዘዝ ስላለኝ እኔ እየተናገርኩ ዶርካስ ትጽፋለች። የምለውን ብቻ እንድትጽፍ ምላለች። (አልማልኩም። ዶርካስ።)

ለምን አምስት ወር ዝም አልሽ ላልከው፣ ውጤቱን ሳላይ መጻፍ ስላልፈለግኩ ነው። ሁለት ጊዜ በሐሰት አብስሬሃለሁ፤ ሦስተኛ አይደገምም።

ደብዳቤህ በጃንዋሪ ስድስት ደረሰ። ዶርካስ ይዛው ዳገቱን ወርዳ እዚህ ወጥ ቤት ቆማ አነበበችው። አልተቀመጠችም። አንዴ ጨረሰች፣ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ከዚያ አጥፋ ሽርጧ ኪስ ከተተችውና «ቢላሽ የት አለ?» አለች። ምን ብለህ እንደጻፍክ እስከ ዛሬ አላሳየችኝም። (አላሳያትምም።)

ሃያ ቀንበጥ ቆረጥን። ዊልፍ መሰላሉን ያዘልን። እያንዳንዱን ቀንበጥ እንደ እንቁላል እየተቀበለ ባልዲ ውስጥ ሲደረድር ብታየው! ከዚያ ወዲህ አሸዋውን በየጥዋቱ የሚፈትሸው እሱ ነበር። በማርች መጨረሻ ቀጠልን። እጄ ቢላውን አልይዝ ሲለኝ እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ አዘዝኩ፣ ዶርካስ ቆረጠች፣ ዊልፍ ልጡን አሰረ። (ማዘዝ ስትል መጮህ ማለቷ ነው። መንደሩ ሰምቷል።) አሥራ አራት ተሸካሚ ግንድ ነበረን። ከእነሱ አምስቱ ያ ውሃ ሳጠጣው የከረምኩት የጫካ ፒር ነው። ነቅዬ ልጥለው ነበር፤ ዊልፍ ነው «ሥሩ ጠንካራ ነው፣ ለምን ሥራ አይሠራም?» ያለኝ። ከወንዙ ማዶ የመጣ ሰው ይሄን አሰበ!

እንግዲህ ስማ፤ ትናንት ጥዋት ተሸክመው ወስደው አሳዩኝ። ከአሥራ አራቱ አሥራ አንዱ ይዟል። ቅጠል አውጥተዋል። አገላብጬ አየሁ፤ ረዘም ያለ፣ ሆዱ ላይ ጥጥ ያለው። አንዱን በዚህ ወረቀት ውስጥ አድርጌልሃለሁ። አንተም አገላብጠህ እይ፣ ካሁን በኋላ በእኔ ቃል ብቻ ምንም አትመን።

አንዷ እዚሁ በጉቶዋ ላይ ናት። አሥሩን ከነሥራቸው ለአሥር ቤት ሰጥቻለሁ፤ ለኢኖክም ጭምር፣ ሚስት ሚስት ናት ባይ ቢሆንም። ለሚሰጣቸው ሁሉ ያስማልኩት አንድ ነገር ነው፤ ቀንበጥ የለመናችሁን ሰው ባዶ እጁን አትመልሱ። አባባ ይሰማኛል፤ ይስማ። ሰው ለራሱ ቢሆን ጎመን ይተክላል፤ ፒር የሚተከለው ለማናየው ሰው ነው። እኔ ከእነዚህ ጠጅ አልጠጣም፣ አንተም አትጠጣም፣ ምን ይጠበስ? የኢኖክ የልጅ ልጅ ሠርግ ላይ ቄሱ ይተኛ እንጂ!

ደክሞኛል። ስለ ጤናዬ ለጠየቅከኝ፣ ደህና ነኝ በይው ብያታለሁ። ዶርካስ ብዕሩን አቁማ እያየችኝ ነው። ጻፊ እንጂ! ደህና ነኝ።

እህትህ ሂልዳ


አምብሮዝ፣

እሷ ወንበሯ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። አሁን የምጽፈው የራሴ ነው።

ደህና አይደለችም። ግሎስተር የሄደችው ሆዷን ለመቀደድ ነው፤ ከፍተው አይተው መልሰው ዘግተዋታል። ያኔውኑ ታውቅ ነበር። ሰላሳ አንዱንም ቤት ስታንኳኳ ታውቅ ነበር። እህትህ እንደ ፒሯ ናት፤ ከላይ ስታያት ምንም የላት፣ የምትበሰብሰው ከውስጥ ነው። ዊልፍ እንዳይጽፍልህ አስምላዋለች። እኔን ግን አላስማለችኝም፣ ወይም ምዬ ከሆነ ረስቻለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ እዚህ መጥቶ «እስከ ሴፕቴምበር ብትቆይ ነው» አለ። ሰምታው ኖሮ ከመኝታ ቤት ጮኸች፤ «ኦክቶበር! ፒሩ ሳይረግፍ የትም አልሄድም!» ሐኪሙ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ያለችውን እንደምታደርግ አውቃለሁ።

ደብዳቤህን አንብቤዋለሁ፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ አልነግርህም። መልሴን በፖስታ አልልክም። ከደብዳቤ ጋር ሰላሳ አምስት ዓመት ተጣልቼ ኖሬያለሁ፤ አሁን በድንገት አልታረቅም።

አሳማ ቤቱ ጀርባ ያለችው ዘንድሮ ቅርንጫፏ እስኪጎብጥ አብባለች። በኦክቶበር ሁለተኛው ሳምንት ትረግፋለች። ከረገፈች ሦስት ቀን ብቻ ነው የምትጠብቅህ፣ ከዚያ ትበላሻለች፤ ይሄን አልረሳኸውም መቼም። ሂልዳ ወንበር ላይ ሆና ታዛለች፣ ዊልፍ ወፍጮውን ያዞራል፣ እኔ እጨምቃለሁ። ለቀማው ላይ ሁለት እጅ ይጎድለናል። ይዘህ ና።

ዶርካስ